ባልደራሱ ማን ነው?

ጀርመን ውስጥ ያልተገራ ፈረስ ሲሸጥ ማስታወቂያው ላይ «ሮ» ተብሎ ይጻፋል። ቃሉ ሥጋ ቤት ከምንሰማው አይለይም፤ ጥሬ ማለት ነው። ኮርቻ ያልተጫነበት፣ ልጓም ያልጎረሰ፣ ሰው ጀርባው ላይ ወጥቶበት የማያውቅ ፈረስ። እኛ ሐበሾች በጥሬ ሥጋ ማንም አይቀድመንም። ጥሬ ፈረስ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ፍራንክፈርት ከሚኖረው ወገናችን አብዛኛው፣ አያቱ ፈረሰኛ ቢሆኑ እንኳ፣ እሱ ራሱ ነክቶት አያውቅም።

ጥያቄው ወደ ቤት የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በልጅ በኩል ነው። ልጅቷ በስምንት ዓመቷ ታውኑስ ግርጌ ወይም ቬተራው ካሉት የግልቢያ ትምህርት ቤቶች በአንዱ ትጀምራለች፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ ከአንድ ሰዓት ያነሰ። ዐሥራ አምስት ሲሞላት የራሷን ፈረስ ትፈልጋለች። ዐሥር ዓመት የሆነው፣ የተገራው፣ ልጅ ተሸክሞ ጫካ ደርሶ የሚመለሰው ፈረስ ዋጋው ያስደነግጣል። ከሱ ሥር ደግሞ አንድ ጥሬ አለ፤ መልኩ ያማረ፣ ዋጋው የዚያኛው ሲሶ። አባት ይህን ሲያይ ፊቱ ይፈታል። «አብረው ያድጋሉ» ይላል።

እኔ የምፈራው ይህችን «አብረው ያድጋሉ» የምትል ቃል ነው። ጥሬው ፈረስ የረከሰው ከዚያኛው ስላነሰ ሳይሆን ሥራው ገና ስላልተሠራ ነው። የቀረውን ሁለት ሲሶ ገዢው ወደፊት ይከፍለዋል፤ በገንዘብ፣ በጊዜ፣ አንዳንዴም በተሰበረ ክንድ። ስለዚህ ፈረሱ ደግ ነው ወይስ ክፉ ከማለት በፊት የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ የሚገራው ማን ነው?

በታሪካችን ሰው በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። የፈረስ ስም ሲነሣ ደረታችን ይነፋል። ግን ታጠቅንም ሆነ ዳኘውን ልጓም ያስለመደው ሰው ስሙ በዘፈን አይነሣም። ለጌቶቹ ፈረስ ባልደራስ ነበረው፤ የቤተ መንግሥቱን ጋጣ የሚያዝ ባለ ማዕረግ። ጌታው የሚቀመጠው የተሠራ ፈረስ ላይ ነው። ፍራንክፈርት ላይ ጥሬ ፈረስ የሚገዛ ሰው ግን ጌታውም ባልደራሱም ራሱ ሊሆን ነው፤ ካልሆነም ባልደራስ በወር እየከፈለ ይቀጥራል።

ከአካሉ እንጀምር። የፈረስ እግር አጥንት የሚረዝመው ጫፎቹ አካባቢ ባለ ለስላሳ ክፍል ነው፤ ይህ ክፍል ወደ ደረቅ አጥንት ሲለወጥ እድገቱ ይዘጋል። አዘጋጉ በጥቅሉ ከታች ወደ ላይ ይሄዳል። ሰኮናው አጠገብ ያሉት አጥንቶች አንድ ዓመት ሳይሆነው ወይም ያን አካባቢ ይዘጋሉ፤ ከጉልበት በላይ ያለው ሁለት ዓመት ተኩል አካባቢ ነው። ከሁሉ ዘግይቶ የሚዘጋው አከርካሪው ሲሆን አምስት ዓመት ያልፈዋል። ኮርቻ የሚያርፈው እንግዲህ መጨረሻ የሚጠነክረው ቦታ ላይ ነው። የሦስት ዓመቱ ፈረስ ቁመቱን ስላገኘ የደረሰ ይመስላል፤ ጀርባው ግን አልደረሰም። በዚህ ምክንያት እዚህ አገር ትልልቆቹ የግልቢያ ዝርያዎች፣ ሃኖቨርም ሆነ ትራኬን፣ ብዙውን ጊዜ ሰው የሚወጣባቸው ሦስት ወይም ሦስት ዓመት ተኩል ሲሆናቸው ነው፤ ያውም ለአጭር ጊዜ፣ በቀላሉ፣ ከዚያም ለወራት ወደ መስክ ተመልሰው ያርፋሉ። የእሽቅድምድም ፈረሶች በሁለት ዓመታቸው ሲሮጡ ያየ ሰው ይህ ሊገርመው ይችላል። የነሱ ዓለም ሌላ ነው፤ የፍራንክፈርቱም የኒደራድ እሽቅድምድም ሜዳ ራሱ ዛሬ የለም፣ በቦታው የጀርመን እግር ኳስ ፌዴሬሽን ግቢ በ2022 ተከፍቶበታል። (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥርሱም አለ። አገር ቤት ገበያ ላይ ጥርስ የሚታየው ዕድሜ ለማወቅ ነው፤ እዚህ ዕድሜውን ፓስፖርቱ ስለሚነግር ገዢው አፉን ከፍቶ ማየት ይረሳል። ፈረስ የፊት ጥርሶቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ይቀይራል፤ መካከለኞቹን ሁለት ዓመት ተኩል፣ ቀጣዮቹን ሦስት ተኩል፣ ዳሮቹን አራት ተኩል አካባቢ። በነዚሁ ዓመታት የመንጋጋ ጥርስም ይቀይራል። ሒሳቡን ልብ ይበሉ፦ ልጓም መጀመሪያ አፉ የሚገባው ድዱ በታመመበት ሰሞን ነው። ራሱን የሚወረውረው፣ ዛብ ሲሳብ የሚቆመው ወጣት ፈረስ «እምቢተኛ» ይባላል እንጂ ጥርሱ ሊሆን ይችላል። ልምድ ያለው ገሪ መጀመሪያ ጥርስ ሐኪም ይጠራል። ልምድ የሌለው ጠንካራ ልጓም ይገዛል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ፈረሱ ሰውን በሌላ ዓይን ያየዋል።

አሁን «አብረው ያድጋሉ» የተባለውን በቁጥር እንየው። ልጅቷ ዐሥራ አምስት፣ ውርንጭላው ስድስት ወር፣ ገና ከእናቱ የተለየ ነው እንበል። ሰው ሊወጣበት ሲደርስ እሷ ዐሥራ ስምንት ሆናለች፤ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያው ፈተና፣ አቢቱር፣ ላይ ናት። ፈረሱ ጫካ ለብቻው ይዟት የሚሄድ፣ መኪናም ውሻም የለመደ እስኪሆን ሌላ ሦስት ዓመት፤ ያኔ ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፣ ማርቡርግ ወይም ሙኒክ ዩኒቨርሲቲ ናት። ፈረስ ሃያ አምስት ዓመት፣ አንዳንዱም ሠላሳ ይኖራል። ስለዚህ ይህ ግዢ አርባ ዓመት እስኪሞላት ይከተላታል። በነዚያ ስድስት ዓመታት ጋጣ እየሄደ ፈረሱን የሚያየው አባትየው ነው፤ እሱም የሌሊት ፈረቃ ያለበት ሰው ነው።

በጀርመን ከፍተኛው ደረጃ «ወጣት» የሚባለው ማን እንደሆነ ማየት የሚፈልግ ደግሞ ሩቅ አይሄድም። በየታኅሣሡ፣ ገና ሳምንት ሲቀረው፣ የፍራንክፈርት አውደ ርእይ ግቢ ያለችው ፌስትሃለ በአሸዋ ተሞልታ ዓለም አቀፍ የፈረስ ውድድር ይደረግባታል። የኑርንበርገር ቡርግ ፖካል የሚባለው የወጣት ድሬሳዥ (በጋላቢው ምልክት የሚታይ የረቀቀ እርምጃ) ፈረሶች ዋንጫ ፍጻሜው እዚያ ነው፤ የሚወዳደሩት ከ7 እስከ 9 ዓመት የሆናቸው ናቸው። ከሱ ከፍ ያለው የሉዊዶር ሽልማት ደግሞ ከ8 እስከ 10 ላሉት ነው። ቀኑን ሙሉ ሥራቸው ይህ የሆነ ባለሙያዎች፣ ምርጥ ደም ያላቸውን ፈረሶች ይዘው፣ «ገና እየተማረ ነው» የሚሉት የዘጠኝ ዓመቱን ነው። የፍራንክፈርቷ ተወላጅ ሊዘሎት ሊንዘንሆፍ በ1972 ሙኒክ ኦሎምፒክ በግል ድሬሳዥ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ስትሆን፣ ፒያፍ የተባለው ድንጉላዋ 14 ዓመቱ ነበር።

ማስታወቂያ ላይ ከ«ሮ» ቀጥሎ የሚገኘው ቃል «አንገሪተን» ነው፤ መጋለብ ተጀምሮበታል ማለት ነው። ይህ ቃል ብዙ ሰው ያታልላል። ጥሩ ገሪ ከጥሬ ፈረስ ተነሥቶ እዚህ የሚደርሰው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፦ ረጅም ገመድ ላይ በክብ መዞር፣ ኮርቻ መሸከም፣ ሰው ጀርባው ላይ በሆዱ ተጋድሞ መታገሥ፣ ከዚያ መቀመጥ፣ በእርምጃ፣ በሶምሶማና በግልቢያ አዳራሹን መዞር። በቃ። ፊደል ቆጥሯል እንጂ ዳዊት አልደገመም። መታጠፍ ይችላል፣ ማቆም ብዙውን ጊዜ ይችላል። የቆርቆሮ በር ሲንኳኳ፣ ብስክሌት ከኋላው ሲመጣ፣ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ምን እንደሚያደርግ ግን እሱም አያውቅም። ፍራንክፈርት ዙሪያ ደግሞ አውሮፕላኑም፣ አውቶባኑም፣ በሽታድትቫልድ የሚሮጠውም ሰው ሁሌ አለ።

አንዳንድ አባት እዚህ ላይ «እኔ እኮ ሰላሌ ነው ያደግሁት፣ ያለ ኮርቻ ነበር የምጋልበው» ይላል። አምነዋለሁ። እንጅባራ ላይ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ያየ ሰው ፈረስ እንዴት እንደሚገራ ለማንም አይጠይቅም። ግን ሁለት ልዩነት አለ። አንደኛው ቁመት ነው፦ የደጋው ፈረሳችን ትከሻው ጋ አንድ ሜትር ከሠላሳ አካባቢ ነው፤ የጀርመኑ ሃኖቨር አንድ ሜትር ከስድሳ አምስት ያልፋል፣ ክብደቱም ወደ ስድስት መቶ ኪሎ ነው። ከዚያኛው ሲወድቁ አቧራ አራግፎ መነሣት ነው፤ ከዚህኛው ግን አምቡላንስ ይጠራል። ሁለተኛውን ሰው አያስተውለውም። በአገር ቤት ወጣቱን ፈረስ መንደሩ በሙሉ ነው የሚገራው። ውርንጭላው እናቱን ተከትሎ ገበያ ይሄዳል፣ ጭነት ያያል፣ ልቅሶና ሠርግ ይሰማል፣ እረኛ ይይዘዋል፣ ሕፃን ይሳፈርበታል። ኮርቻ ሲጫንበት የሰውን ነገር ግማሹን ለምዷል። እዚህ በመስክ ላይ ከእኩዮቹ ጋር ሦስት ዓመት የከረመ ፈረስ ለአካሉ የሚሻለውን አግኝቷል፤ ሰውን ግን ድርቆሽ የሚያመጣ ፍጡር አድርጎ ብቻ ሊያውቀው ይችላል።

ወደ ገንዘቡ። ፈረስ በጓሮ አይታሰርም፤ የመንጋ እንስሳ ነው፣ ብቻውን ማኖር ለእንስሳት ጥበቃ ከወጣው የጀርመን መመሪያ ጋር ይጋጫል፣ ወጣቱ ደግሞ ከእኩዮቹ ጋር ማደግ አለበት ይላል መመሪያው። ስለዚህ «ፔንዚዮንሽታል» ይከራያል፤ ጋጣ፣ ድርቆሽና ጽዳት በወር ክፍያ። ለምሳሌ የሁለት ዓመት ተኩሉ ፈረስ በ6,000 ዩሮ ተገዛ እንበል። ጋጣው በወር 550፣ የሰኮና አስተካካይ ተካፍሎ 40፣ ክትባት፣ የትል መድኃኒትና ሐኪም 60፣ መድን 15 ቢሆን በወር 665 ዩሮ ነው። አምስት ዓመት እስኪሞላው 30 ወር አለ፤ 19,950 ዩሮ። ሦስት ወር ገሪ ዘንድ በወር ተጨማሪ 600 ቢከፈል 1,800። ሲደመር፣ ከግዢው ጋር፣ 27,750 ዩሮ። በዚህ ስሌት ውስጥ ምንም አልታመመም። የሆድ ቁርጠት ይዞት ቀዶ ጥገና ቢያስፈልገው ሌላ ብዙ ሺህ ነው፤ የእንስሳት ሐኪሞች የክፍያ ተመን በኅዳር 2022 ተሻሽሎ ጨምሯል፣ ሐኪሙም እንደ ሥራው ክብደት ከተመኑ እስከ ሦስት እጥፍ፣ በድንገተኛ ሰዓት እስከ አራት እጥፍ ማስከፈል ይፈቀድለታል። በዚያው ሃያ ምናምን ሺህ ዩሮ የተገራ፣ የታመነ ፈረስ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይጋለብ ነበር። ጥሬ ፈረስ ገንዘብ ለመቆጠብ የሚገዛ ነገር አይደለም፤ ይህን በድፍረት እላለሁ።

መድኑን በ15 ዩሮ አለፍኩት እንጂ ከሁሉ በፊት የሚያዝ እሱ ነው። የጀርመን ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 833 ለደስታ እንስሳ የያዘ ሰው፣ ጥፋት ኖረበትም አልኖረበትም፣ እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው ይላል። ፈረሱ አጥር ዘሎ አውቶባን ላይ ቢገባ «በሩን ዘግቼ ነበር» ማለት አያድንም። የፈረስ ባለቤት የኃላፊነት መድን ለግል ሰው በሕግ የግድ አይደለም፤ ያለሱ አንድ ቀን ማደር ግን እብደት ነው። ሲፈርሙ የውጭ ጋላቢንና ገና ያልተገራ ፈረስን ይሸፍን እንደሆነ ይጠይቁ።

የሽያጩ ሕግ ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። ነጋዴ ለግለሰብ ሲሸጥ፣ ጉድለት ከታየ መጀመሪያም ነበረ ተብሎ የሚገመትበት ጊዜ አለ፤ ለዕቃ ከ2022 ጀምሮ አንድ ዓመት ሲሆን፣ ለሕያው እንስሳ ግን ስድስት ወር ብቻ ቀርቷል። ግለሰብ ለግለሰብ ሲሸጥ ደግሞ ኃላፊነቱን በውል ማስቀረት ይችላል። ከዚህ ሁሉ የሚያስቀው ፍርድ ቤት የተከራከሩበት ነው፦ ማንም ያልተቀመጠበት ፈረስ አዲስ ነው ወይስ ያገለገለ? ካርልስሩኸ ያለው የፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2006 የስድስት ወር ውርንጭላን አዲስ ነው አለ። በ2019 ደግሞ በጨረታ የተሸጠ የሁለት ዓመት ተኩል ድንጉላ፣ ኮርቻ ባያውቅም፣ ከተወለደ ጊዜው ስለራቀ «ያገለገለ» ነው ብሎ ወሰነ። ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም፤ ያገለገለ ከተባለ ሻጩ የኃላፊነቱን ጊዜ ማሳጠር ይችላል፣ የገዢው መከላከያ ይሳሳል። በ2017 ደግሞ በ500,000 ዩሮ በተሸጠ ድሬሳዥ ፈረስ ጉዳይ ያው ፍርድ ቤት ራጅ ላይ የታየ ከተለመደው የወጣ ነገር፣ ፈረሱ ካልታመመበት፣ በራሱ ጉድለት አይደለም አለ። ገዢ ፍጹም ፈረስ የመጠየቅ መብት የለውም። ሊያገኘው የሚፈልገውን ጠባይ በጽሑፍ ያስገባ እንደሆነ ብቻ ይሟገትበታል፤ ከጥሬ ፈረስ ላይ ደግሞ «ለመጋለብ ይመቻል» ብሎ የሚፈርም ሻጭ አይገኝም፣ እንዴት ያውቃል?

ስለዚህ ከመፈረም በፊት ምርመራ። ጀርመኖች «አንካውፍስኡንተርዙኹንግ» ይሉታል፤ ስሙ እንደ ምርመራው ረጅም ነው። ሐኪሙን ገዢው ይምረጥ፤ የሻጩን ጋጣ የሚያክመው ሐኪም ባይሆን ይመረጣል። ልብ፣ ሳንባ፣ ዓይን፣ እግር በደረቅ መሬት ላይ ሲሮጥ፤ ከዚያ ራጅ። በ2018 የወጣው የራጅ መመሪያ 18 ምስል መደበኛ አድርጎታል፤ ቀድሞ በአንድ እስከ አራት ይሰጥ የነበረውን ደረጃም አስቀርቷል። በወጣት ፈረስ የሚፈለገው በተለይ መገጣጠሚያ ውስጥ ተሰብሮ የቀረ ትንሽ የአጥንት ቁራጭ ነው፤ በእድገት ወቅት የሚመጣ ነገር ሲሆን አንዳንዱ ዕድሜ ልኩን ምንም አይለው፣ አንዳንዱን ሥራ ሲጀምር ያስነክሰዋል። ችግሩ ጥሬ ፈረስ ሥራ ስላልሠራ አካሉ ተፈትኖ አለማለፉ ነው። ሐኪሙ የሚያየው የዛሬውን ነው። ደም ያስወስዱ፤ ናሙናው ለወራት ይቀመጣል፣ ፈረሱ በዚያ ቀን የረጋው በመርፌ ቢሆን ኋላ ይታወቃል።

ፓስፖርቱንም ይመልከቱ። ለፈረስ ሁሉ የግዴታ ነው፤ የቆዳ ሥር ቺፑ ቁጥር ከሱ ጋር መግጠም አለበት። ግን ፓስፖርቱ የባለቤትነት ማስረጃ አይደለም። ዘር ያለው ፈረስ ከሆነ የባለቤትነት ሰነዱ ለብቻው ነው፣ ሁለቱንም ይቀበሉ።

ፈረሱን ለማየት አንዴ አይበቃም። ሁለተኛው ጊዜ ሳይነግሩ ባይሆንም ቀደም ብለው ይድረሱ፤ ከመስክ ሲያዝ ማየት ኮርቻ ክፍል ውስጥ ከሚነገረው ሁሉ ይበልጣል። ወደ ሰው ይመጣል ወይስ ዞሮ ይሄዳል? አራቱንም እግር ያነሣል? ከጓደኞቹ ሲለይ ለብቻው ሃምሳ ሜትር ይሄዳል? ጃንጥላ ሲከፈት መበርገጉ ግድ የለም፤ ወጣት ነው፣ ይበርግግ። ዋናው ከዚያ በኋላ ያለው ደቂቃ ነው። ዞሮ አይቶት ተንፍሶ የሚረጋ ፈረስና ለሩብ ሰዓት የሚንቀጠቀጥ ፈረስ አንድ አይደሉም። እናቱ እዚያው ካለች እሷን ማየት ደግሞ የወደፊቱን እንደማየት ነው። መልክ የመጨረሻ ይሁን። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚገዛው ጋማውን ነው።

ታዲያ ጥሬ ፈረስ ማን ይግዛ? ቢያንስ ሌላ ወጣት ፈረስ በባለሙያ ዓይን ሥር አብሮ የሠራ፤ በሳምንት አምስት ቀን ክረምት ከበጋ ጋጣ መድረስ የሚችል፤ የሚተማመንበት ገሪ ስልክ ቁጥር ከግዢው በፊት ያለው። ፈረስ ላይ ስምንት ዓመት የተቀመጠች ልጅ ጥሩ ጋላቢ ልትሆን ትችላለች፤ የትምህርት ቤት ፈረስ ላይ ግን ፈረሱ ነው እሷን ያስተማራት። ሁለቱም የማያውቁ ሲሆኑ የሚያስተምረው የፈራው ነው፣ የሚያስተምረውም ፍርሃትን ነው። ገሪ መክፈልም ሁሉን አይፈታም፤ ገሪው ሲወርድ ባለቤቷ መውጣት አለባት።

በመሐል ያለ መንገድ አለ፤ «ራይትቤታይሊጉንግ» ይባላል። የሌላ ሰው ፈረስ ላይ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን መጋለብ፣ ማጽዳት፣ መንከባከብ፣ በወር የተወሰነ ገንዘብ አዋጥቶ። በፍራንክፈርት ዙሪያ ጋጣዎች ሰሌዳ ላይ ሁሌ ይለጠፋል። አንድ ዓመት እንዲህ የሠራች ልጅ፣ በጥር ጭቃ፣ በምሽት አሥራ አንድ ሰዓት ጨለማ፣ ፈተና እያለባት ከሄደች፣ ስለ ፈረስ ግዢ ያን ጊዜ ቁጭ ብሎ መነጋገር ይቻላል። ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው።

ያን ሁሉ አልፈው ለመግዛት የወሰኑ ከሆነ የማጓጓዣውን ነገር ከወዲሁ ያስቡ። ለሁለት ፈረስ የሚሆን ተጎታች ከነጭነቱ ሁለት ቶን ስለሚደርስ፣ ከመኪናው ጋር ተደምሮ ተራው የቢ መንጃ ፈቃድ ከሚፈቅደው 3.5 ቶን ያልፋል፤ ቢ96 ወይም ቢኢ ያለው ሾፌር ይፈልጉ። ሻጩ ፈረሱን ተጎታች ላይ ማስገባት ከርክክቡ ቀን በፊት ያለማምደው፤ ይህንንም ውሉ ላይ ያስጽፉ። ሌላ፣ ጉዞ የለመደ ሽማግሌ ፈረስ አጠገቡ ቢጫን ይረጋጋል። አዲሱ ጋጣ ሲደርስም ያን ዕለት ማንም አይጋልበውም፣ ማንም አያሠለጥነውም፤ ውኃና ድርቆሽ ቀርቦለት፣ ከአጥሩ ማዶ ያሉትን ፈረሶች እያሸተተ ያድራል።